የሚሟገት ክፍል፦ ሒሳብን በውይይት ስለ ማስተማር



ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። አንድ ነጋዴ በ1,000 ብር ይሸጠው በነበረው ጫማ ላይ 20 በመቶ ጨመረ። ሳምንት ቆይቶ ገበያው ሲቀዘቅዝበት 20 በመቶ ቀነሰ። ጫማው አሁን ስንት ብር ነው? መልሱን ጮክ ብላችሁ አትናገሩ። መጀመሪያ ለየራሳችሁ አስቡ። ቀጥሎ አጠገባችሁ ወደተቀመጠው ሰው ዞር በሉና የደረሳችሁበትን ንገሩት። መልሳችሁ ከተለያየ ተሟገቱ። ሦስት ደቂቃ አላችሁ።

(በዚህ ቦታ በአዳራሹ ውስጥ ውይይት ተደርጓል።)

አመሰግናለሁ። በመካከላችሁ እየተዘዋወርኩ ሳዳምጥ ሁለት መልስ ሰማሁ። አንዱ «የጨመረውን ያህል ቀነሰ፤ ስለዚህ ያው 1,000 ብር ነው» የሚል ነው። ሌላው 960 ብር ነው የሚል ነው። ከኋላ ረድፍ አንዲት እናት አጠገባቸው ያለውን ወጣት «ሃያ በመቶ የምኑ?» ብለው ሲጠይቁት ሰማሁ። ቋጠሮውን የፈታችው ይህች አጭር ጥያቄ ናት። ሲጨምር 20 በመቶው የ1,000 ነው፤ 200 ብር ይሆናል። ሲቀንስ ግን 20 በመቶው የ1,200 ነው፤ 240 ብር ይሆናል። ከ1,200 ላይ 240 ሲነሣ 960 ይቀራል።

ይህንን በአንድ ደቂቃ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ላሳያችሁ እችል ነበር። እናንተም ራሳችሁን ነቅንቃችሁ ትቀበሉኝ ነበር። ነገ ሌላ ነጋዴ 30 በመቶ ጨምሮ 30 በመቶ ሲቀንስ ግን ብዙዎቻችን እንደገና «ያው ነው» እንል ነበር። «የምኑ?» የሚለው ጥያቄ ከራሳችን አፍ ካልወጣ አብሮን ወደ ቤት አይገባም። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ተማሪ ሒሳብን የራሱ የሚያደርገው ሲሟገትበት ነው። ሙግቱ ደግሞ በዕድል የሚመጣ አይደለም፤ መምህሩ አስቦ፣ አዘጋጅቶ፣ ጊዜ ሰጥቶ የሚፈጥረው ነው። ስድሳ ተማሪ በተቀመጠበት በእኛ ክፍልም ይቻላል።

ሙግት ለእኛ ባዕድ አይደለም

«ውይይት» ሲባል ከውጭ የመጣ የማስተማሪያ ፋሽን የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እስኪ የራሳችንን ቤት እንመልከት። በድሮው የአገራችን ችሎት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት ቆመው «ተጠየቅ» ይባባሉ ነበር። በላ ልበልሃ የምንለው ይህ ነው። ሹም ዳኛ በቅርብ ካልተገኘ መንገደኛ «ቁም» ይባልና ነገሩን ሰምቶ ይፈርድ ነበር። በዚያ ሙግት «እኔ ስላልኩ» ማለት አያዋጣም። ምስክር ይቆጠራል፣ የተቃራኒው ቃል በጥሞና ይሰማል፣ ስንጥቁ ተፈልጎ እዚያ ላይ ጥያቄ ይሰነዘራል። ከብቦ የሚያዳምጠው ሕዝብም ማን እንደረታ ለይቶ ያውቃል።

ወደ ቅኔ ቤት ብንሄድም እንዲሁ ነው። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ጓደኞቹ የእርማቱን ምክንያት አብረው ይሰማሉ። በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ደግሞ አንድ ቃል ይነሣና ትርጉም ይሰጠዋል። ነገሩ በዚያ አያበቃም፤ «አንድም» ተብሎ ሌላ መንገድ ይከፈታል። እርግጥ በቃል ማጥናትም የአባቶቻችን ትልቅ ሀብት ነው። ዳዊት የሚደግም ልጅ በቃሉ ይይዛል። ነገር ግን ሊቅ የሚባለው በቃሉ ከያዘው ላይ ተነሥቶ ሲጠየቅ የሚመልስ፣ ሲመልስም ምክንያቱን የሚያቀርብ ሰው ነው።

ይህች «አንድም» የምትባል ቃል በሒሳብ ክፍላችን እንድትገባ እመኛለሁ። አንድ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ጥያቄ ሲፈታ «ልክ ነው፣ ተቀመጥ» ብለን ከማለፍ «አንድም! በሌላ መንገድ የሠራ አለ?» ብንልስ?

ሒሳብ ከሌላው ሙግት ሁሉ የሚለይበት አንድ ክብርም አለው። እዚህ ችሎት ላይ ዳኛው ምክንያት ነው። ሀብታምና ድሀ፣ ልጅና አዋቂ አይልም። የ15 ዓመት ልጅ ማስረጃዋ ልክ ከሆነ መምህሯን ትረታለች፤ መምህሩም በደስታ ይረታል። በልጅነቱ እንዲህ ያለ ፍትሕ የቀመሰ ሰው ሲያድግ ማስረጃ የሚጠይቅ፣ ማስረጃ ሲቀርብለትም ሐሳቡን ለመለወጥ የማያፍር ዜጋ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ዝምታው ከየት መጣ?

ታዲያ የሒሳብ ክፍሎቻችን ለምን ዝም አሉ? እኔ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ መምህሩ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን፤ «ገባችሁ?» ይላል፣ «አዎ» እንላለን። የገባን ግን ጥቂቶች ነበርን። ያልገባው «አልገባኝም» ካለ ይሣቅበታል፤ ስለዚህ «አዎ» ማለት መደበቂያው ነው።

በኋላም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። ገጠርና ከተማ አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኙ ታስቦ የተጀመረ ነው፤ ዓላማው የሚመሰገን ነበር። ነገር ግን በሳተላይት የሚመጣው ትምህርት ተማሪው ቢገባውም ባይገባውም ይቀጥል ነበር። «አሁን ተወያዩ» ተብሎ ደቂቃዎች ይሰጡና ሐሳቡ ገና ሳይበስል መልሱ ይመጣ ነበር። መምህሩም ሆነ ተማሪው ቴሌቪዥኑን «ቆይ፣ እዚህ ላይ አልተስማማንም» ሊሉት አይችሉም ነበር። ከዚያ ዘመን የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ውይይት የሚያዳምጥ ሰው ይፈልጋል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሳይንስ ክፍሎች ውስጥ የተቀዳ ድምፅ እያዳመጡ መምህራን ከጠየቁ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠብቁ ለኩ። የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ሆኖ ተገኘ። መልስ ካልመጣ ወይ ጥያቄውን ይደግሙታል፣ ወይ ሌላ ልጅ ይጠራሉ፣ ወይ ራሳቸው ይመልሱታል። መምህራኑ ተሠልጥነው ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ መጠበቅ ሲጀምሩ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ሳይጠሩ የሚመልሱ ልጆች በዙ፣ «አላውቅም» የሚለውም ቀነሰ። ሦስት ሰከንድ! ገንዘብ አይጠይቅም፣ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የመምህሩን ትዕግሥት ብቻ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም በሐዘን ሰምተናል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እኔ በአንድ ነገር ላይ አላላክከውም። ይሁን እንጂ ልጆቻችን ለዓመታት ሲገለብጡ የኖሩትን ነገር ጥያቄው መልኩን ሲለውጥባቸው ሊጠቀሙበት እንዳልቻሉ እኛ መምህራን በየቀኑ የምናየው ነው።

የአጥሩ ሙግት

አሁን ወደ አንድ ክፍል ይዣችሁ ልግባ። የባልደረባዬን የ9ኛ ክፍል ትምህርት ቁጭ ብዬ ተከታትያለሁ። ተማሪዎቹ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። መምህሩ ከአሮጌ ደብተር ቅጠል የተቀደዱ ትንንሽ ወረቀቶች አደለ። በአንዱ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ባለ አራት ማዕዘን መሬት አጥሩ ከረዘመ ስፋቱም ይጨምራል።» ሰሌዳው በሦስት ተከፍሏል፤ «ሁልጊዜ»፣ «አንዳንድ ጊዜ»፣ «በጭራሽ»። ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን ከሦስቱ በአንዱ ሥር ማስቀመጥና ምክንያቱን መናገር አለበት።

መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ የፊተኛው ዴስክ ልጆች ወደ ኋላ ዞሩና ስድስት ስድስት ሆኑ። እኔ አጠገባቸው የተቀመጥኩባቸው ልጆች እንዲህ ተከራከሩ።

«ሁልጊዜ ነው» አለ አንዱ። «አጥር ከበዛ መሬት ይበዛል። ግልጽ እኮ ነው።»

«እስኪ በቁጥር አሳየኝ» አለችው አንዲት ልጅ።

ልጁ ካሬ ሣለ። «4 በ4። ዙሪያው 16፣ ስፋቱም 16። አሁን 5 በ4 ላድርገው፤ ዙሪያው 18፣ ስፋቱ 20። ይኸው፣ ሁለቱም ጨመሩ።»

ልጅቷ ዝም አለች። የተሸነፈች መስሎኝ ነበር። እርሳሷን አንሥታ ቀጭን ሬክታንግል ሣለች። «ይሄ 7 በ2 ነው። ዙሪያው?»

«18።»

«ስፋቱስ?»

ልጁ አባዝቶ ቆም አለ። «14» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ አጥሩ ከ16 ወደ 18 ረዝሞ መሬቱ ከ16 ወደ 14 ወረደ!»

«እንዲህ ያለ ቀጭን መሬት ግን የለም» አለ ልጁ እጅ ላለመስጠት።

«ለምን አይኖርም? እኛ ሰፈር መንገድ ዳር ያለው ቦታ እንዲህ ነው።»

እስከዚያ ድረስ አንድም ቃል ያልተነፈሰ ልጅ ከዳር ሆኖ «10 በ1 ብናደርገውስ?» አለ። ዙሪያው 22፣ ስፋቱ 10። አጥሩ ይበልጥ ረዘመ፣ መሬቱ ይበልጥ ጠበበ። ሁሉም ሣቁ፤ የመጀመሪያውም ልጅ ሣቀ። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞሮ «ቲቸር፣ የማናችን ነው ልክ?» ሲል ጠየቀ። መምህሩ አልመለሰለትም። ወደ ልጅቷ ዞሮ «አሳምነሽዋል?» አላት። ልጁ ራሱ «አዎ፣ አሳምናኛለች። አንዳንድ ጊዜ ነው» አለና ወረቀቱን በመካከለኛው ረድፍ ለጠፈ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ዝምተኛው ልጅ «እንግዲያው 16 ሜትር አጥር ቢኖረን ትልቁ መሬት የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ጥያቄውን ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፈው። 1 በ7 ሲሆን 7፣ 2 በ6 ሲሆን 12፣ 3 በ5 ሲሆን 15፣ 4 በ4 ሲሆን 16። ሒሳብ የምታውቁ እዚህ ላይ ምን እንዳለ ይገባችኋል፤ ከፍ ባለው ክፍል የሚመጣው የኳድራቲክ ፈንክሽን ትምህርት ደጃፉ ይህ ነው። ደጃፉን የከፈተው ደግሞ ተማሪው ነው።

በዚያ ግማሽ ሰዓት ልጆቹ ከስፋትና ከዙሪያ ያለፈ ነገር ተምረዋል። «ሁልጊዜ» ለማለት አንድ ሺህ ምሳሌ እንደማይበቃ፣ «ሁልጊዜ» የተባለውን ለማፍረስ ግን አንድ ምሳሌ እንደሚበቃ በእጃቸው ዳስሰው አወቁ። የሒሳብ ማረጋገጫ ሁሉ መሠረቱ ይህ ነው። ማንም ንግግር አድርጎ ቢነግራቸው እንዲህ አይገባቸውም ነበር።

ለመምህሩ የሚሆኑ መሣሪያዎች

«ሁልጊዜ፣ አንዳንድ ጊዜ፣ በጭራሽ» የሚለውን ሥራ በዓለም ካስፋፉት አንዱ በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሼል ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ማልኮም ስዋን ናቸው። ስዋን ዕድሜያቸውን የሰጡት ተማሪ እንዲናገር የሚያስገድዱ የሒሳብ ሥራዎችን ለመንደፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከባልደረባቸው ከሂዩ በርክሃርት ጋር ኤማ ካስቴልኑዎቮ በሚል ስም የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ትምህርት ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀብለዋል፤ በማግሥቱ ዓመት ዐረፉ። ሥራዎቹን በአምስት ወገን ይከፍሏቸው ነበር፦ መመደብ፣ አንድን ነገር በተለያየ መልክ አይቶ ማዛመድ፣ የተነገረን ነገር እውነትነት መመዘን፣ ጥያቄ መፍጠር፣ የሌላን ሰው አሠራር መመርመር። የአጥሩ ሙግት ሦስተኛው ነው። ከሌሎቹም ሦስቱን ባጭሩ ላሳያችሁ።

ለመመደብ የሚሆን ቀላል ምሳሌ ይኸው፦ 2፣ 9፣ 16፣ 25። ከእነዚህ ውስጥ የማይመስለው የቱ ነው? አንዱ «2 ነው፤ ሌሎቹ አንድን ቁጥር በራሱ በማባዛት ይገኛሉ» ይላል። ሌላው «9 ነው፤ የ3 ብዜት እርሱ ብቻ ነው» ይላል። «16 ነው፤ ለ4 የሚካፈለው እሱ ብቻ ነው» የሚልም፣ «25 ነው፤ በ5 የሚያልቀው እሱ ብቻ ነው» የሚልም አለ። ሁሉም ልክ ናቸው። በዚህ ጥያቄ ሰነፍ የተባለው ልጅ እንኳ የሚለው ነገር አያጣም። ክፍሉን ለማፍታታት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ለማዛመድ ደግሞ ግራፍ ጥሩ ነው። አንድ ሚኒባስ ከመገናኛ ተነሥቶ ወደ ሜክሲኮ ይሄዳል። ከመገናኛ ያለው ርቀት በየደቂቃው በግራፍ ይሣላል። መስመሩ ይወጣል፣ አግድም ይሄዳል፣ እንደገና ይወጣል፣ በመጨረሻ ወደ ታች ይወርዳል። «መጨረሻ ላይ ምን ሆነ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ተማሪ «ቁልቁለት ወረደ» ይላል። ግራፉን እንደ መንገዱ ሥዕል ያየዋል። ይህ ስሕተት በብዙ አገር የሚታይ ነው፤ ስዋን እ.ኤ.አ. በ1985 ለመምህራን ባዘጋጁት የፈንክሽንና የግራፍ መጽሐፍ ሰፊ ቦታ ሰጥተውታል። ታሪኮችንና ግራፎችን በየወረቀቱ ጽፋችሁ ተማሪዎች ሲያዛምዱ አንዱ «ርቀቱ ከቀነሰ እኮ ወደ መገናኛ እየተመለሰ ነው» ይላል፤ አግድም የሄደው መስመር ደግሞ ሚኒባሱ መብራት ይዞት የቆመበት መሆኑን ሌላው ይደርስበታል።

የሌላን ሰው አሠራር ለመመርመር የታወቀውን ስሕተት እንውሰድ። (ሀ+ለ)² ሲባል ተማሪው ሀ²+ለ² ብሎ ይጽፋል። በቀይ እስክሪብቶ መሰረዝ ቀላል ነው፤ ግን በሳምንቱ ይመለሳል። ስም ሳይጠቀስ ሰሌዳ ላይ ጻፉትና «ይህንን የጻፈው ተማሪ ምን አስቦ ነው? ልክ ነው?» በሉ። በ3 እና በ4 ይሞክሩት። በአንድ በኩል 7 በ7 ነው፤ 49። በሌላ በኩል 9 እና 16 ነው፤ 25። 24ቱ የት ገባ? አሁን ጎኑ 7 የሆነ ካሬ መሬት ይሣሉ፤ ጎኑንም 3 እና 4 ብለው ይክፈሉት። ትንሹ ካሬ 9፣ ትልቁ ካሬ 16 ነው። ሁለት ያልተቆጠሩ ሬክታንግሎች ብቅ ይላሉ፤ እያንዳንዳቸው 3 በ4፣ ማለትም 12። የጠፋው 24 ተገኘ። 2ሀለ የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ያኔ በዓይን ይታያል። እንዲህ የተገኘን መሬት ማንም ተማሪ መልሶ አይጥለውም።

የመምህሩ ድርሻ

ውይይት ማለት መምህሩ አርፎ የሚቀመጥበት ጊዜ ይመስላል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ማርጋሬት ስሚዝና ሜሪ ኬይ ስታይን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት መጽሐፍ የመምህሩን ሥራ በአምስት ደረጃ ዘርዝረውታል። በቅድሚያ ተማሪዎች ምን ምን መልስ ሊሰጡ እንደሚችሉ መገመት፤ በሥራ ላይ እያሉ እየተዘዋወሩ መከታተል፤ ለክፍሉ የሚቀርበውን መምረጥ፤ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል መወሰን፤ በመጨረሻም ሐሳቦቹን እርስ በርስና ከትምህርቱ ጋር ማያያዝ።

በመግቢያዬ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። «ያው ነው» የምትሉ እንደምትኖሩ አስቀድሜ ገምቻለሁ። እየዞርኩ ስሰማ «የምኑ?» የሚለውን ጥያቄ ሳገኝ ለመጨረሻ አስቀመጥሁት። መጀመሪያ 960ን ባቀርብ ኖሮ «ያው ነው» ያሉት አንገታቸውን ደፍተው ይቀሩ ነበር፤ እኔ ግን የእነርሱን ሐሳብ አስቀደምሁ፤ ምክንያቱም ሙግቱን የሚያስነሣው እርሱ ነው። የተሳሳተ መልስ ለክፍሉ የሚጠቅም ስጦታ መሆኑን ተማሪዎች የሚያምኑት መምህራቸው እንዲህ ሲይዘው ካዩ ነው።

ጃፓኖች በዚህ በኩል ረጅም ልምድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 በተካሄደው ዓለም አቀፍ ጥናት በጀርመን፣ በጃፓንና በአሜሪካ 231 የ8ኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርቶች በቪዲዮ ተቀርጸው ነበር። በጃፓን የታየው ጎልቶ የሚለይ ነው። መምህሩ አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ያቀርባል፤ ተማሪዎች አሠራሩ ሳይነገራቸው ይታገሉታል፤ ከዚያ የተለያዩ አሠራሮች ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ወጥተው ይነጻጸራሉ። ይህንን የማነጻጸሪያ ክፍል ጃፓኖች «ኔሪያጌ» ይሉታል፤ ቃሉ እንደ ሊጥ አሽቶ አለስልሶ ማውጣትን ያመለክታል። እናቶቻችን ያውቁታል፤ ሊጥ ሳይታሽ ዳቦ አይወጣውም።

መምህሩ በእጁ ሊይዛቸው የሚገቡ ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። «እንዴት አወቅሽ?»፣ «እርሱ ያለውን በራስህ ቃል ድገምልን»፣ «ትስማማለህ? ለምን?»፣ «ሁልጊዜ ይሠራል?»፣ እና «አንድም!» እነዚህን በጠመኔ ሳጥኑ ክዳን ላይ ጽፎ የያዘ መምህር የውይይት መሣሪያ አልጎደለበትም።

ስለ ቋንቋ

በአገራችን ውይይትን የሚያፍን አንድ ትልቅ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ተማሪው ሐሳብ እያለው ቃል ያጣል። ጎረቤቱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ ቋንቋው ቢጠይቅ በአንድ ደቂቃ የሚግባባውን ነገር ዝም ብሎ ይተወዋል።

ደቡብ አፍሪካም ይህንኑ ትጋራናለች። ጂል አድለር የተባሉ የዚያ አገር ምሁር በብዙ ቋንቋ ተማሪዎች በተሞሉ የሒሳብ ክፍሎች ያሉ መምህራንን ጭንቀት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2001 መጽሐፍ አሳትመዋል። ጭንቀቱ እውነተኛ ነው፦ ልጁ በአፍ መፍቻው ካላሰበ አይገባውም፤ በእንግሊዝኛ ካልተለማመደ ፈተናውን አያልፍም። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ሙግቱ በቡድን ውስጥ ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ ይሁን። ሐሳቡ ሲበስል መምህሩ የእንግሊዝኛውን ቃል ሰሌዳ ላይ ያውጣ። መደምደሚያውን ተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ሐሳብ ቀድሞ ከተያዘ ቃሉ ማረፊያ ያገኛል።

«በእኛ ክፍል አይቻልም» ለሚሉ

የሥራ ባልደረቦቼ ሦስት ነገር እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ እኔም ብያቸዋለሁና። የመጀመሪያው የተማሪው ብዛት ነው። ስድሳ ተማሪ ይዞ መወያየት ይከብዳል። ነገር ግን ስድሳ ሰው በአንድ ጊዜ መናገር የለበትም። ከጎረቤት ጋር ለሁለት መነጋገር ዴስክ ማንቀሳቀስ እንኳ አይፈልግም። ለራስ ማሰብ፣ ለሁለት መነጋገር፣ ለክፍሉ መናገር፤ ይህንን የሦስት ደረጃ አካሄድ አሜሪካዊው ፍራንክ ላይመን እ.ኤ.አ. በ1981 ስም አውጥተው ያስተዋወቁት ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም ሁሉ ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል የሚሠራበት ነው።

ሁለተኛው «ተማሪዎችን በቡድን አድርገን ነበር፤ ጎበዙ ይሠራል፣ ሌላው ይገለብጣል» የሚለው ነው። ልክ ናችሁ። አንድ ለአምስት ብሎ ማስቀመጥ ብቻውን ውይይት አይወልድም። የተሰጠው ሥራ «24ን ለ6 አካፍሉ» ከሆነ የሚያከራክር ነገር የለውም፤ ጎበዙ ይመልሰዋል፣ ያልቃል። ለቡድን የሚሰጠው ሥራ ሰዎችን የሚለያይ፣ ከአንድ በላይ መንገድ ያለው መሆን አለበት። ደግሞም ከቡድኑ ተነሥቶ የሚናገረውን መምህሩ ይምረጠው፤ ማን እንደሚጠራ ካላወቁ ጎበዙ ሌሎቹን ማስረዳት የግድ ይሆንበታል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው፤ መጽሐፉ መጠናቀቅ አለበት። እኔም ምዕራፍ ለመጨረስ ስሮጥ ኖሬያለሁ። ሆኖም መጽሐፉን መምህሩ ጨርሶት ተማሪው ካልጀመረው ምን ተረፈን? ሁሉንም ክፍለ ጊዜ ወደ ሙግት ለውጡ አልላችሁም። በሳምንት አንዱን ብቻ ስጡት። ሦስት ደቂቃ ለብቻ ማሰቢያ፣ ዐሥር ደቂቃ ለቡድን፣ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ለክፍሉ ሙግት፣ የቀረውን ማጠቃለያ ለመጻፍ። ለዚያች ቀን የሚያስፈልጋችሁ የአሮጌ ደብተር ቅጠልና በደንብ የተመረጠ አንድ ጥያቄ ነው።

ለርዕሳነ መምህራንም አንድ ቃል አለኝ። በመስኮት በኩል ስታልፉ ድምፅ የሚሰማበትን ክፍል ሁሉ ሥርዓት የሌለው አትበሉት። ገብታችሁ አዳምጡ። ልጆቹ «ለምን?» እየተባባሉ ከሆነ መምህሩን አመስግኑት።

እናንተም ተማሪዎች፣ ጓደኛችሁ «አልገባኝም» ሲል አትሣቁበት። የጠየቀው እናንተም ያልገባችሁን ሊሆን ይችላል። ስታስረዱትም መልሱን አትስጡት፤ ምክንያቱን ስጡት።

ወላጆች ሆይ፣ «እኔ ሒሳብ አላውቅም፤ ልጄን መርዳት አልችልም» አትበሉ። ከኋላ ረድፍ የተቀመጡት እናት «የምኑ?» ብለው ሲጠይቁ ቀመር አላስፈለጋቸውም።

ስለዚህ የቤት ሥራ ሰጥቻችሁ ልሰናበት። ነጋዴው መጀመሪያ ጨምሮ ኋላ ቀንሶ ጫማው 960 ብር ገባ። አስቀድሞ 20 በመቶ ቀንሶ ኋላ 20 በመቶ ቢጨምርስ? ከ960 ይበልጣል፣ ያንሳል ወይስ እኩል ነው? ለምን? መልሱን አልነግራችሁም። ማታ እራት ቀርቦ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ለልጆቻችሁ አንሡላቸውና ተሟገቱበት። ልጃችሁ ከረታችሁ እሰየው በሉ።